ከሳቅና ከእንባ ሌላ፦ አካል ጉዳተኛው በመድረካችን ላይ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከአንድ ወዳጄ ጋር ቴአትር ልናይ ሄድን። ወዳጄ የሚንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። የቴአትር ቤቱን ስም አልጠራም፤ ብጠራው ሌሎቹ ንጹሕ ይመስላሉ። ትኬታችንን ቆርጠን በሩ ላይ ስንደርስ ደረጃ ገጠመን። ጥበቃው ወዳጄን አየ፣ ደረጃውን አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እንግዲህ ተሸክመን እናስገባዋ!» አለ። ክፋት የለበትም፤ ከልቡ ሊረዳን የፈለገ ሰው ነው። ሁለት ጎረምሶች ጠራ፣ እኔም አንዱን ጎን ያዝኩ፣ ለአራት አነሳነው። ከኋላችን የተሰለፉ እናቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዲቱ «እኔን ይድፋኝ፣ በዚህ ዕድሜው!» ስትል ሰማኋት። ወዳጄ በጊዜው ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። ለሥራም ለደመወዝም ከእኔ የተሻለ ሰው ነው።

ውስጥም ለዊልቸር የሚሆን ቦታ የለም። መተላለፊያው ላይ አቆምነው። አስተናባሪዋ መጥታ በትሕትና «ወንድሜ፣ መንገድ ዘጋችሁ፣ ትንሽ ወደ ኋላ» አለችን። ወደ ኋላ ሄድን። ጥቂት ቆይታ ደግሞ «ትንሽ ወደ ኋላ» አለች። በመጨረሻ በሩ አጠገብ፣ መጋረጃው ሥር ተቀመጥን፤ ሰው በገባና በወጣ ቁጥር መጋረጃው ፊታችንን ይጠርገዋል።

ቴአትሩ ኮሜዲ ነበር። አጋማሹ ላይ አንድ ገጸ ባሕርይ እያነከሰ ገባ። ገና አንድ ቃል ሳይናገር አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ተዋናዩ ሳቁን ሲያገኝ ጨመረበት፤ እግሩን ጎተተ፣ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ደግሞ ወደቀ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ስቄያለሁ። ሳቄ አፌ ላይ እንዳለ ወዳጄ አጠገቤ መሆኑ ትዝ አለኝ። ዞሬ አየሁት። አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ተሸክመን አስወጣነው። ውጪ ታክሲ ስንጠብቅ እንዲህ አለኝ፦ «ስገባ አዘኑልኝ፤ ከገባሁ በኋላ ሳቁብኝ። ሰውየው አንድ ነው እኮ።»

ያን ቀን ጀምሮ ይህችን ዓረፍተ ነገር ከጭንቅላቴ ማውጣት አልቻልኩም። ይህንን ጽሑፍ ያስጻፈችኝም እሷ ናት።

*

በመድረካችንና በቴሌቪዥን ድራማዎቻችን አካል ጉዳተኛው የተሰጠው ቦታ ሁለት ነው። አንደኛው የሳቅ ቦታ ነው፤ ተብታባው አገልጋይ፣ ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌ፣ እያነከሰ የሚገባው ደላላ። ሁለተኛው የእንባ ቦታ ነው፤ ዓይነ ስውሯ እናት፣ አልጋ ላይ የቀረው ልጅ፣ በመጨረሻው ክፍል ተፈውሶ የሚነሣው ወይም ሞቶ የሚያስለቅሰው ሰው። በሁለቱም ቦታ የሚጫወተው ጉዳት የሌለበት ተዋናይ ነው። ከመጋረጃው ሲወጣ እግሩ ይድናል፣ ዓይኑ ይበራል፣ ሲነጋ ደግሞ «ምን ዓይነት ትወና ነው!» ተብሎ ይመሰገናል።

ሦስተኛም ቦታ አለ እንዳትሉኝ። ኅዳር 24 ቀን ነው። በዓለም አቀፉ የአካል ጉዳተኞች ቀን አንድ ዓይነ ስውር ዘፋኝ ወይም በእግሩ የሚሥል ሠዓሊ መድረክ ላይ ይወጣል። አቅራቢዋ ታለቅሳለች። ባለሥልጣኑ «አካል ጉዳት አለመቻል አይደለም» ይላል። ሰርተፊኬት ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ያ ዘፋኝ ጥሩ ዘፋኝ ይሁን መካከለኛ ዘፋኝ ማንም አይጠይቅም። ድምፁ ስንት ኖታ እንደሚሳት የሚነግረው ሰው የለም። የተጨበጨበለት ለዘፈኑ ሳይሆን ዓይነ ስውር ሆኖ መዝፈኑ ነውና። ይህ ያው የእንባው ቦታ ነው፤ ጽጌረዳ ተነስንሶበት።

መፈክሩንም አልወደውም፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። «አለመቻል አይደለም» ስንል «እንደ እኛ ከቻለ ይግባ» ማለታችን ነው። መለኪያው እኛው እንደሆንን ቀረ። ላለፉት ሠላሳና አርባ ዓመታት በሌላው ዓለም አካል ጉዳተኛ የመድረክ ባለሙያዎች ሲሠሩት የነበረው ግን መለኪያውን ራሱን መጠየቅ ነው። «ቴአትር እንደ ጤነኛው ሰው መጫወት ነው ያለው ማነው? ዳንስ በሁለት እግር ነው ያለው ማነው? ተመልካች ማለት ዝም ብሎ ሁለት ሰዓት ጨለማ ውስጥ የሚቀመጥ ነው ያለው ማነው?»

የሙከራ ቴአትር የሚባለው ሲነሣ ብዙዎቻችን «ማንም የማይገባው የፈረንጅ ነገር» እንላለን። አልፈርድም፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ነገር ግን ጥቂት ሥራዎችን ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ።

*

እንግሊዛዊቷ ሴለስት ዳንዴከር የዘመናዊ ዳንስ ባለሙያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1973 መድረክ ላይ ስትደንስ ወድቃ አንገቷ ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ ሕይወቷ በዊልቸር ሆነ። በእኛ ድራማ ቢሆን ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅና እናለቅስ ነበር። እሷ ግን እ.ኤ.አ. በ1991 ከአዳም ቤንጃሚን ጋር ሆና ካንዱኮ የሚባለውን የዳንስ ቡድን መሠረተች፤ አካል ጉዳት ያለባቸውና የሌለባቸው ዳንሰኞች እኩል የሚሠሩበት ቡድን ነው። ዋናው ነገር ቡድኑ «ጎበዞች ናችሁ» መባልን አለመፈለጉ ነው። ታዋቂ ኮሪዮግራፈሮችን ጠርቶ ሥራ አዘዘ፤ ሃያሲዎች መጥተው ሲደክም ደከመ፣ ሲበረታም በረታ ብለው እንዲጽፉበት ፈለገ። መተቸትም መብት ነው። ለአካል ጉዳተኛ ሠዓሊና ዘፋኝ እስካሁን የነፈግነው አንዱ መብት ይህ ነው።

ሁለተኛው ሥራ የሚያከራክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ፈረንሳዊው ኮሪዮግራፈር ዤሮም ቤል ዙሪክ ከሚገኘው ሆራ ቴአትር ጋር «ዲስኤብልድ ቲያትር» የተባለ ሥራ አቀረበ። የሆራ አባላት የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው፣ ሙያቸው ግን ትወና የሆነ ሰዎች ናቸው። ሥራው ቀላል ነው። ተዋንያኑ አንድ በአንድ ወጥተው ለአንድ ደቂቃ ያህል ቆመው ተመልካቹን ያያሉ። ሌላ ምንም የለም። ከዚያ ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ ሙያቸውን ይናገራሉ፦ ተዋናይ ነኝ፣ ተዋናይት ነኝ። ከዚያ ጉዳታቸውን በራሳቸው አፍ ይናገራሉ። ከዚያ ራሳቸው ያዘጋጁትን ዳንስ ይደንሳሉ። በመጨረሻም ስለ ሥራው ምን እንደሚያስቡ ይጠየቃሉ። አንዱ ተዋናይ እናቱ ሥራውን ሰው እንደ ጉድ የሚታይበት ትርዒት ነው እንዳለችው፣ ነገር ግን በጣም እንደወደደችው እዚያው መድረክ ላይ ይናገራል።

ይህን ሥራ ያየሁት በቪዲዮ ነው። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ከብዳኛለች። አንድ ሰው ቆሞ ያያችኋል። እናንተም ታዩታላችሁ። መጀመሪያ ጉዳቱን ነው የምታዩት። ትንሽ ቆይቶ ማየታችሁ ያሳፍራችኋል። ደግሞ ትንሽ ቆይቶ ኀፍረቱ ያልቅና ሰውየውን ታያላችሁ፤ ሹራቡን፣ ጫማውን፣ መሰላቸቱን። እኛ በሕይወታችን ይህን አናደርግም። መንገድ ላይ አካል ጉዳተኛ ስናይ ወይ እናፈጣለን፣ ወይ ፊታችንን እናዞራለን፣ ወይ ሳንቲም እንፈልጋለን። አንድ ደቂቃ ሙሉ ዓይን ለዓይን መተያየት የለም።

ሥራው ብዙ ተወድሷል፣ ከቡድኑ አንዷ ጁሊያ ሆይዘርማን እ.ኤ.አ. በ2013 በርሊን ውስጥ ለወጣት ተዋንያን የሚሰጠውን የአልፍሬድ ኬር ሽልማት ወስዳለች። ብዙ ተነቅፏልም። ነቀፋው «ሐሳቡ የማን ነው? ስሙ ፖስተሩ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የማን ነው?» የሚል ነው። ቤል ተዋንያኑ ካዘጋጇቸው አሥር ዳንሶች ሰባቱን መርጦ ሦስቱን ጥሎ ነበር፤ ይህንንም ተመልካቹ እንዲያውቀው አደረገ። የተጣሉት ቅር አላቸውና በመጨረሻ እነሱም ደነሱ። አንዳንዱ ይህን ሐቀኝነት ይለዋል፣ ሌላው ጨዋታ ይለዋል። እኔ ሁለቱም ያለበት ይመስለኛል። ግን ጥያቄውን ልብ በሉት። ክርክሩ «አሳዘኑን ወይስ አሳቁን» አይደለም፤ «ሥልጣኑ በማን እጅ ነው» የሚል ነው። እኛ ገና እዚህ ክርክር ላይ አልደረስንም።

*

ለዚህ ጥያቄ የተሻለውን መልስ የሰጠው፣ በእኔ ግምት፣ የአውስትራሊያው ባክ ቱ ባክ ቴአትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ጂሎንግ በምትባል የወደብና የፋብሪካ ከተማ ተመሠረተ። ተዋንያኑ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ወይም ራሳቸውን በነርቭ አፈጣጠር የተለየን ነን የሚሉ ሰዎች ናቸው። ድርሰቱን አንድ ደራሲ ጽፎ አይሰጣቸውም፤ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት እየተለማመዱ፣ እየተከራከሩ አብረው ያወጡታል።

ከሥራዎቻቸው አንዱን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም «ገንዘብ የለም» የሚለውን የተለመደ መልሳችንን ያፈርሰዋል። «ስሞል ሜታል ኦብጀክትስ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ነው የታየው። መድረክ የለውም። ተመልካቹ ሰው በሚተራመስበት ባቡር ጣቢያ ውስጥ በተደረደረ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ያደርጋል። ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ይሰማል፤ ድምፃቸው ጆሮው ውስጥ ነው፣ ሰዎቹ ግን የት እንዳሉ አያውቅም። መንገደኛው ሁሉ ይተላለፋል፤ ተዋንያኑ ከመሃሉ ናቸው። ተመልካቹ ሕዝቡን አንድ በአንድ እያየ «ይሄ ይሆን? ያቺ ትሆን?» እያለ ይፈልጋል። በመጨረሻ ሲያገኛቸው ሁለት ተራ ሰዎች ናቸው፤ በሌላ ቀን ቢሆን ሳያያቸው የሚያልፋቸው።

ታሪኩም ቀላል ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች ጋሪና ስቲቭ ይባላሉ። አንድ ባለ ሱፍ ሰው ከእነሱ ዕፅ ሊገዛ ይመጣል። ዋጋ ተስማምተዋል፣ ዕቃው ሌላ ቦታ ነው፤ መሄድ ብቻ ነው የቀረው። ስቲቭ ግን ንቅንቅ አልልም አለ። እያሰበ ነው፤ ከቆመበት አይሄድም። ጓደኛውም ጥሎት አይሄድም። ባለ ሱፉ ገንዘብ ጨመረ፣ ለመነ፣ አንዲት ሴት ጠርቶ አስለመነ፣ ተቆጣ። ጥድፊያና ብር የለመዱ ሰዎች በአንድ ዝም ብሎ በቆመ ሰው ፊት ሁሉ ነገራቸው ፈረሰ። ሰው ዋጋው ስንት ነው? በሚያመርተው ነው የሚለካው? ቆሞ ማሰብ የፈለገ ሰው ምን ይደረጋል? ይህ ሁሉ ያለ ስብከት፣ ያለ ሙዚቃ፣ ያለ እንባ።

አሁን ይህን ሥራ ሜክሲኮ አደባባይ አምጡት። ወይም መገናኛ፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ፣ ታክሲ ሰልፉ ሲጠማዘዝ። የሚያስፈልገው ማይክሮፎን፣ ማዳመጫና ወንበር ነው። መጋረጃ የለም፣ ዲኮር የለም፣ የመብራት ባለሙያ የለም። የሚያስፈልገው ዋናው ነገር የዓመታት ልምምድና ለተዋናዩ የሚሰጥ ሥልጣን ነው። እሱ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ አይገዛም።

የዚሁ ቡድን ሌላ ሥራ ከዚህ የከረረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታየው «ጋኔሽ ቨርሰስ ዘ ሰርድ ራይክ» የዝሆን ራስ ያለው የሂንዱ አምላክ ጋኔሽ፣ ናዚዎች የወሰዱበትን የስዋስቲካ ምልክት ለማስመለስ ወደ ሂትለር ጀርመን ሲጓዝ ያሳያል። ናዚዎች ከማንም በፊት በጋዝ መግደል የጀመሩት አካል ጉዳተኞችንና የአእምሮ ሕሙማንን እንደነበር ለማታውቁ ላስታውሳችሁ፤ እስከ ነሐሴ 1941 እ.ኤ.አ. ብቻ 70,000 ያህል ሰው ገድለዋል። ተዋንያኑ ይህን ታሪክ ሲጫወቱ በዚያ ዘመን ቢኖሩ የሚጠብቃቸውን ያውቃሉ። ከዋናው ታሪክ ጎን ለጎን ግን ልምምዱ ይታያል። ጉዳት የሌለበት አዘጋጅ ተዋንያኑን ሲጫን፣ ሲቆጣ፣ እጁን ሲያነሣ። ባዶ ወንበሮቹን ተመልካች አስመስሎም የተለየ አካል ለማየት ነው የመጣችሁት ይላል። ወንበሩ ላይ ያለነው እኛ ነን። ማን ነው የሚጫነው? ማን ነው የሚያየው? ቴአትሩ ተመልካቹን ራሱን ወንጀለኛ ሳጥን ውስጥ አቆመው።

ይህ ከትንሽ ከተማ የወጣ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 የኖርዌይን ዓለም አቀፍ የኢብሰን ሽልማት፣ በ2024 ደግሞ በቬኒስ የቴአትር ቢየናሌ ለዕድሜ ልክ ሥራ የሚሰጠውን ወርቃማ አንበሳ ወሰደ። ሽልማቶቹ የአካል ጉዳተኞች ሽልማት አይደሉም። የቴአትር ሽልማት ናቸው።

*

ስለ ተዋናይ ብዙ አወራሁ፤ ወደ ተመልካቹ ልመለስ፤ ወዳጄም ያን እሑድ ተመልካች ነበር።

ጄስ ቶም እንግሊዛዊት ናት፣ ቱሬት ሲንድረም አለባት። ሳትፈልግ ድምፅ ታወጣለች፣ ሰውነቷ ሳታዝዘው ይንቀሳቀሳል፣ «ብስኩት» የሚለውን ቃል በቀን ብዙ ሺህ ጊዜ ትላለች። አንድ ጊዜ ትርዒት ልታይ ሄዳ ሌሎች ተመልካቾች በድምጿ ስለተረበሹ ከአዳራሹ ተነሥታ የድምፅ ባለሙያው ክፍል ውስጥ ሆና እንድታይ ተጠየቀች። አለቀሰች። ቴአትር ቤት ሁለተኛ ላለመርገጥ ወሰነች። ከዚያ ግን አሰበችበት፦ በአዳራሹ ውስጥ የማያስነሷት አንድ ወንበር ብቻ አለ፤ እሱም መድረኩ ላይ ያለው። ወጣችበት። «ባክስቴጅ ኢን ብስኩት ላንድ» የተባለው ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2014 ኤዲንብራ ላይ ታየ። ምላሷ ሳይጠራ የሚያመጣው ቃል በየቀኑ ስለሚለያይ ቴአትሩም በየቀኑ ይለያያል። ሌላ ተዋናይ ለዓመታት የሚሠለጥንበትን የቅጽበት ፈጠራ እሷ ፈልጋ አይደለም የምታደርገው።

ጄስ ቶም ከሚታገሉለት ነገሮች አንዱ «ዘና ያለ ትርዒት» የሚባለው ነው። መብራቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ድምፅ ያወጣ ሰው አይገላመጥም፣ መውጣት የፈለገ ወጥቶ ይመለሳል። ይህን ሳነብ ሳቅ መጣብኝ። የእኛ አዝማሪ ቤት ምን ሆነና? ማሲንቆው ሲመታ ሰው ይገባል ይወጣል፣ ግጥም ይቀበላል፣ ይሳሳቃል፣ አዝማሪው ደግሞ የገባውን ሰው አይቶ ስንኙን ይለውጣል። ዝምታንና ጨለማን ከሥነ ሥርዓት የቆጠርነው መድረኩን ከውጭ ስናስገባ ነው። የእኛው ሰው ሲጫወት ተመልካችን ከመጋረጃ ሥር ደብቆ አያውቅም ነበር።

ይህን ስል ያለፈውን ማስዋብ አልፈልግም። ላሊበሎችን አስታውሱ። ገና ጎሕ ሳይቀድ ደጅ ላይ ቆመው በዚያ በሚያምር ድምፅ የቤቱን ባለቤት ስም እየጠሩ የሚያዜሙት፣ የሚመርቁት። ካላዜሙ የሥጋ ደዌ ይይዘናል ብለው ያምናሉ ይባላል፤ በሕዝቡም ዘንድ ከዚሁ በሽታ ጋር ተያይዘው ኖረዋል። ማንም እንዳያያቸው በጨለማ ይመጣሉ፣ ሳይነጋ ይሄዳሉ። እንግዲህ በአገራችን ከአካል ጉዳትና ከበሽታ ጋር የተቆራኘ የቆየ የጥበብ ሥራ አለን፤ ድምፁን እንወዳለን፣ ምርቃቱን «አሜን» እንላለን፣ ሰውየውን ግን ከደጅ አላለፍነውም። ታሪካችን ይኸው ነው። ዛሬም በዊልቸር የመጣውን ከበሩ አጠገብ ነው ያቆምነው።

*

«ይሄ ሁሉ የውጭ ነው» ለምትሉኝ፣ ከቤታችን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ መጥቶ ከጎዳና ልጆች ጋር ትልቅ የዳንስ ሥራ ሠርቶ ነበር። ከዚያ አዱኛ የማኅበረሰብ ዳንስ ቴአትር ተወለደ። ከአዱኛ ሥር ደግሞ አካል ጉዳት ያለባቸውና የሌለባቸው ወጣቶች አብረው የሚደንሱበት አዱኛ ፖቴንሻልስ የተባለ ቡድን ወጣ፤ ከፍ ብዬ የጠቀስኩት የካንዱኮው አዳም ቤንጃሚን አሠልጥኗቸዋል። ከአዱኛ ልጆች መካከል ጁነይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ በኋላ ዴስቲኖ የዳንስ ቡድንን መሥርተዋል። ይህ ሁሉ የሆነው ይኸው ከተማ ውስጥ ነው። ስንቶቻችን እናውቀዋለን? ስንት ጋዜጠኛ ጻፈበት? እኔም የጥበብ ዘገባ ከጀመርኩ ስንት ዓመት ቆይቼ ነው የሰማሁት፤ ጥፋቱ የእኔም ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ። ሦስት መልሶች እንደሚመጡብኝ አውቃለሁ።

አንደኛ፦ «ትወና ማስመሰል ነው፤ ንጉሥ ለመጫወት ንጉሥ መሆን የለበትም።» ልክ ነው። እኔም ሕግ ይውጣ አላልኩም። ግን ንጉሥ ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ የማንንም ንጉሥ እንጀራ አልቀማም። ዓይነ ስውር ሆኖ የሚጫወተው ግን ኦዲሽን ላይ ተጠርቶ የማያውቅ ዓይነ ስውር ተዋናይ አለበት። ሜዳው እኩል በሆነ ቀን ሁሉም ሁሉን ይጫወት።

ሁለተኛ፦ «እኛ መደበኛውን ቴአትር እንኳ በወግ አልያዝንም፤ ይሄ ቅንጦት ነው።» ቅንጦት የሚሆነው አካል ጉዳተኛው ጥቂት ቢሆን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶው አካል ጉዳት አለበት ይላል። የእኛ የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ግን 1 በመቶ ገደማ ነው ያገኘው። ኢትዮጵያ ከዓለም ተለይታ ጤነኛ ሆና ነው? አይደለም። ቤት ውስጥ የተደበቀ አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረ ደግሞ ወንበር አይያዝለትም። ቴአትር ቤቱ ባዶ ወንበር በዝቶብኛል ብሎ የሚያማርረው ደረጃውን ሳያፈርስ ነው።

ሦስተኛ፦ «ሀብታሞቹ አገሮች ናቸው የቻሉት።» አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በ2019 አሊ ስትሮከር በዊልቸር የምትንቀሳቀስ የመጀመሪያዋ የቶኒ ሽልማት አሸናፊ ሆነች። ዓለም አጨበጨበ። ሽልማቱ የተሰጠበት የኒውዮርኩ ትልቅ አዳራሽ ግን ከተመልካች ወንበር ወደ መድረኩ የሚያወጣ ራምፕ አልነበረውም፤ ሽልማቷን የጠበቀችው ከመድረክ ጀርባ ሆና ነው። የጎደለው ገንዘብ አይደለም። አካል ጉዳተኛ ያሸንፋል፣ ይወጣል ብሎ ቀድሞ ያሰበ ሰው ነው የጎደለው።

ሕጉስ አለን። ገና በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች ምቹ መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቀናል፤ አንቀጽ 30 ቴአትርንም ጨምሮ በባሕላዊ ሕይወት የመሳተፍና የራስን የፈጠራ ችሎታ የማሳደግ መብትን ይጠቅሳል። ወረቀቱ ሙሉ ነው። ወዳጄን ግን ለአራት ነው የተሸከምነው።

*

ታዲያ ምን ይደረግ? ትልቅ ዕቅድ አላወጣም። አራት ነገር ብቻ።

ቴአትር ቤቶች ከመጪው የበጀት ዓመት በፊት ደረጃቸው ላይ ራምፕ ይሥሩ፤ ሲሚንቶና የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ከመሃል ረድፍ ሁለት ወንበር ይነቀልና ቦታው ለዊልቸር ይተው፤ ከበሩ አጠገብ ሳይሆን መሃል ላይ።

በወር አንድ ትርዒት በምልክት ቋንቋ ይተርጎም። አስተርጓሚው ጥግ ላይ እንደ ዕቃ አይቁም፤ አዘጋጁ ከመጀመሪያው ልምምድ ጀምሮ የቴአትሩ አካል ያድርገው። እዚህ ላይ ነው ሙከራው የሚጀምረው።

አዘጋጆች ኦዲሽን ስታወጡ ማስታወቂያው ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «አካል ጉዳተኛ ተዋንያን ይመዝገቡ፤ ለማንኛውም ገጸ ባሕርይ።» ለማንኛውም የምትለዋን አስምሩባት። በዊልቸር ያለች ተዋናይት ስለ ዊልቸሯ ምንም ሳይወራ ቀናተኛ ሚስት፣ ሌባ፣ ዳኛ፣ ፍቅረኛ ሆና ትጫወት። ክፉ ሰው የመጫወት መብትም መብት ነው።

አራተኛው ለእኛ ለጋዜጠኞች ነው። አካል ጉዳተኛ የጥበብ ባለሙያ ስናነጋግር የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ጉዳቱ እንዴት ደረሰብህ?» መሆኑ ይብቃ። ሥራውን እንጠይቀው። ደካማ ከሆነ ደካማ ነው እንበል።

ወዳጄን ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት አስነበብኩት። ስለ እሱ የጻፍኩትን ፈቀደልኝ። አንድ እርማት ብቻ አለው፦ «ያን ቀን አልተቆጣም ብለሃል። ተቆጥቻለሁ። መቆጣቴን ካየህ ታዝንልኛለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ጽሑፉን ላርመው ብዬ ነበር። ግን ስሕተቴ እንዳለ ይቆይ ብዬ ተውኩት፤ አጠገቡ ተቀምጬ እንኳ ምን እንደተሰማው አላየሁምና። ቴአትር የሚያስፈልገን ለዚህ ይመስለኛል።

አዲስ ሥራ ሲወጣ ልንሄድ ተቀጣጥረናል። ራምፕ ያለው ቴአትር ቤት የምታውቁ ከሥር ጻፉልኝ። ቸር እንሰንብት።